ሁለት መስታወት

ቱርኩ ላይ፣ በኅዳር፣ በዘጠኝ ሰዓት ጨልሞ፣
አይኒኪ አጎነበሰች፣ ወገቧ እንዳመሉ ታሞ።

መስታወት አንድ፦ ዕጢው የወጣት አይጥ ነው፣
ደም ሥሩ ሐረግ ሆኖ ዙሪያውን ያጠረው።
መስታወት ሁለት፦ የአሮጊቷ፤ ሥሩ ጥቂት፣ መንገድ ላይ የደከመ፣
ዕጢው "ደም ላኩልኝ" ብሎ ሰሚ አጥቶ የቆመ።
ቆጣሪው ጠቅ አለ። ሰባት።

ከጡቷ ሥር ያለችውን፣ ባቄላ የምታህለውን፣
ሐኪሙ "በዕድሜሽ ቀስ ትላለች" ያላትን፣
ጓንቷን አውልቃ ዳሰሰች።
"ቁስሌ አልሽር ሲል፣ እግሬ ሲበርድ የረገምኩህ ዕድሜ፣
ለእሷም ነፈግሃት እንዴ ደሜን፣ አንተ ክፉ ወንድሜ?"

ሥር ቆራጩ መድኃኒትስ? እዚህ ምን ሊያጭድ መጥቶ፣
ማጭድ ይዞ ባዶ ማሳ… ሊመለስ ነው ሰብል አጥቶ።

ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።
ስምንት።