ወጪ ቁጥር

ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት በእጄ፣
ለዘከርያ ሙሜ፣ ላለቃ ወዳጄ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ክለቡን ለመራ፣
ገንደ ቆሬ አድሮ ለሚውል ከዚራ።

አንቱ ብዬው አላውቅ፤ ድሬ ማን ተባለ?
ኳስ አቀባዩ እንኳ "አንተ ዘኪ!" እያለ፣
"ወርያ፣ ጫማዬ አፉን ከፈተ" ሲለው፣
ከመሳቢያው አውጥቶ ሙጫ ሲሰጠው።

ሲጀምር በረዶ በጆንያ ተሸክሞ፣
የዕረፍቱን ፊሽካ ሲጠብቅ ቆሞ፣
ኋላ ትኬት ቆራጭ፣ ኋላ መዝገብ ቤት፣
ኋላም ያ ወንበር፣ ሥራ አስኪያጅነት።
የሌላው በጎሉ ስሙ ሲወሣ፣
የሱ በደረሰኝ፣ በጎማ፣ በካሣ፤
ለዚህ ዓይነት ሙያ ማን ሐውልት ያቆማል?
ኳሱን ሁሉ ያያል፤ ፓምፑን ማን ያስታውሳል?

አንድ ጊዜ ሚኤሶ አውቶቡስ ቆሞብን፣
ጨዋታው ለነገ፣ ሌሊቱ መሽቶብን፣
"ተኙ" ብሎን እሱ ወጣ ከመንገዱ፣
ባትሪ ሲያበራ አደረ፣ እስኪራራ አንዱ።
ጠዋት አዳማ ላይ ከሲሚንቶ ወርደን፣
አሥራ ስምንት ሰው አመድ መስለን፣
አንድ ለዜሮ፣ በፍጹም ቅጣት፣ ተሸነፍን።

ደቻቱስ የሞላ ለት? ያ የአሸዋ ወንዝ፣
ዓመቱን ተኝቶ በአንድ ሌሊት ሲያግዝ፣
"አልጋው! ፍሪጁ!" ስትል ዘቢባ ሚስቱ፣
የተጫዋች ፋይል ነበር በደረቱ።
ፍሪጁን ወንዝ በላው። ቀዝቃዛ ሲጠይቅ፣
"ከፋይልህ ቅዳ" ትለዋለች ስትስቅ።
ሳትስቅም።

ደመወዝ ለሦስት ወር ያልደረሰ ጊዜ፣
ግብ ጠባቂው፣ ያ የጋናው፣ በትካዜ
ሻንጣውን ሸክፎ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ፣
ዘኪ ሄደ ታይዋን፣ ሞተሩን ሊሸጥ።
በመዝገቡ ላይ ግን "ከበጎ አድራጊ" ብሎ
አስጻፈኝ ገቢውን፣ የራሱን ስም ጥሎ።

ቅዱስ ነው አልልም። ናስሪን ሸጦታል፤
ያ የሳቢያን ልጅ፣ ሲመታ መረቡ ይጮኻል።
"እናቴ ታማለች፤ አልሄድም" ቢለውም፣
"ክለቡም ታሟል" ነው፤ ሌላ አልመለሰውም።
ያን ቀን ከቢሮው እስከ ማታ አልወጣም፤
ምሳም አላዘዘ፤ ሻይም አልጠጣም።

ዘንድሮ ወረድን፣ በሁለት ነጥብ ዕዳ፤
ቦርዱም ሰው ፈለገ የሚያቀምሰው ፍዳ።
"ጻፊ" አሉኝ፤ ጻፍኩኝ። ቃሉም የታወቀ፦
"ስላገለገሉን…" "…ዛሬ የተጠናቀቀ…"
ድሬ ያልሰጠችውን፣ ያን ሁሉ አንቱታ
በአንድ ገጽ አገኘው፣ በስንብት ሰላምታ።

ግን ማኅተም ይጎድላል። መሳቢያው ተቆልፏል፤
ቁልፉም በሱ አንገት፣ በክር ተንጠልጥሏል።
ሰዎቹ ተያዩ፤ ጉሮሮ ጠረጉ፤
የዘኪ ጣቶች ግን አላፈገፈጉ።
መሳቢያውን ከፍቶ፣ ፓዱን እፍ ብሎበት፣
ወጪ ቁጥር ሰጠው፤ ቀኑንም ሞላበት።
"እዚህ ጋ ነጠላ ሠረዝ ረስተሻል" አለኝ።
ራሱ አስገባት።
ከዚያ መታው።
ክቡ እንዳልተዛባ ወደ መስኮቱ ይዞ አየ፤
ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ከብርጭቆዬ አጠገብ አኖረው።

እሑድ ስታዲየም በር ወረፋ ይዞ አየሁት።
"ግባ አንተ" አለው ልጁ። እምቢ አለ፤ ከፈለ።
ልጁ ትኬቱን ሳይቀድ እንዲሁ ሰጠው።
"ቅደደው" አለ ዘኪ። "ያልተቀደደ ትኬት
ዞሮ ይሸጣል። በአሥራ ስድስት ዓመቴ
እኔም ሸጬ ነበር፤ እዚችው በር ላይ።"

ተቀደደለት። ግማሹን በሸሚዝ ኪሱ ከቶ
ፀሐይ ፊት ለፊት ወደምትመታው፣
ወደ ርካሹ ጎን ወጣ።
ፊሽካው ተነፋ። ሜዳውን አላየም፤
ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ፣
ሰው ይቆጥር ነበር።

ሰኞ የበር ገቢ ስደምር
የሠላሳ ሰው ሒሳብ ጎደለኝ።
ስልኩን አነሣሁ።
ቁጥሩን በቃሌ ነው የማውቀው።