የዳጉሳ ኳሶች

ሉብሊያና ላይ ጉምሩኩ ኳሴን በመዳፉ መዘነው፤
«ውስጡ ምንድን ነው?»
ዳጉሳ ነው አልኩት፤ ዳጉሳን በየትኛው ቋንቋ ላስረዳው?
ስፌቷን በምላጭ ፈታ፣ በጣቱ ቆንጥሮ አያት፣
አሸተታት፣ ቀመሳት፣
ሳቀና መልሶ በፕላስተር አሸጋት።

እንዲህ ነው ማሪቦር የገባሁት፤
በሻንጣዬ ሦስት ኳስ፣ አንዷ ባለ ጠባሳ፣
ዳንግላ እያለን የሰፋናቸው ከተረፈ ካልሲ፣ ከተረፈ ዳጉሳ።

ሥራው ሰኞን አልጠበቀም፤ እሁድ ማታ ያዘኝ፣
ኔይትስ የሚሉት ልጅ በብስክሌቱ ኋላ ጭኖ አበረረኝ፤
የድራቫ ድልድይ ላይ፣ ንፋሱ ጆሮዬን እንደ መምህር ቆንጥጦ፣
የሳምንቴን ሰሌዳ ነገረኝ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፤
«ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ቀትር የአዛውንት ቤት፣
ማታ የወጣቶች ማዕከል፣ ከዚያ...»
ከዚያ ምን እንደነበረ
ድልድዩ ሥር ካለው ውሃ ጋር ቀረ።

ማክሰኞ አሥራ ሰባት ልጅ፤ አንድም የሚሰማኝ የለ፤
ወንበር ሲገለበጥ፣ መስኮት ሲጮህ፣ አርብኖር የተባለ
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ጥግ ይዟል።
«ቤተሰቦቹ ከኮሶቮ ናቸው» አለች ዢቫ፣
በሽተኛ እንዳለበት ቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
እኔ እጁን ነበር የማየው፤ ጥፍሩ የተበላ፣ ጭኑ ላይ የተዘረጋ።
አንዷን ኳስ ወረወርኩለት። እግሩ ሥር ወደቀች።
ሁለተኛዋም ወደቀች።
ሦስተኛዋን፣ ባለ ጠባሳዋን፣ ዓይን ዓይኔን እያየ በግራ እጁ ቀለባት፤
ከዚያም፣ ልክ እንደ ጉምሩኩ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋት።

ረቡዕን አትጠይቁኝ። ረቡዕ ወንበር ነው የተሸከምኩት፤
አርባ ወንበር ከምድር ቤት ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ምድር ቤት፤
ስብሰባው ተዛውሯል ሲሉኝ የሳቅሁት ሳቅ
ዳንግላ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም፤
ለካ አገር ቤት ብቻ አይደለም!

ሐሙስ መሰለኝ፣ ወይዘሮ ሽቴፍካ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለቀው ወጣትነቷ፤
ኳሷን አገላብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ነካች፣
«ማነው የሰፋው? ክሩ ሰነፍ ነው» ብላ ተቆጣች፤
መነጽር አስመጣች፣ መርፌ አስመጣች፣
ፕላስተሩን ልጣ የጉምሩኩን ቁስል ሰፋች።
እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌዋ ግን አይንቀጠቀጥም፤
ኔይትስ፣ አስተርጓሚዬ፣ የሚተረጉመው አላገኘም።
ሊያስተምር የመጣው እኔ፣
ክር አቀባይ ሆኜ ዋልሁ፣ እጄን አጣጥፌ ጭኔ።

ቅዳሜ ዘነበ። ትርኢቱ ከአደባባይ ወደ አዳራሽ ገባ፤
የአትክልት ማኅበሩ እናቶች፣ ጃንጥላ፣ ውሻ፣ ጭቃ ጫማ፣ ድስት ሙሉ ሾርባ፤
ያ የተሸከምኩት አርባ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ቆመ።
አርብኖር መሐል ወጣ። ኮፍያ የለም። ጆሮው ቀልቷል።
ወረወረ፣ ሳተ፣ ወረወረ፤
አንዷ ኳስ፣ ያልተነካችው፣ ጤነኛዋ፣
ጣራው ሥር ፈነዳች።
ዳጉሳ በፀጉር፣ በሾርባ፣ በውሻው ጆሮ ላይ ዘነበ።
ማንም አልሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።
እሱ ግን ተንበርክኮ ከወንበሮቹ ሥር ፍሬ በፍሬ ይለቅማል፤
«ተወው» አልኩት፣ በአማርኛ።
አልተወውም።

እሁድ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ፣ እየሮጠ መጣ፤
ከኪሱ ባለ መስመር ካልሲ፣ ጠጠር ያለ ኳስ አወጣ፤
ስፌቱን አየሁት፤ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ።
«ውስጡ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።
«አይዳ» አለኝ፤ እነሱ የሚዘሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ፍሬ፤
አማርኛው ማን እንደሚባል አላውቅም፣ እስከ ዛሬ።
አሸተትኩት።

መንገድ ላይ ሦስቱን ሞከርኳቸው። አዲሷ ትከብዳለች፤
እጄ ከሚጠብቃት ቀድማ ትደርሳለች።
ሁለቴ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጭን ላይ ወደቀችብኝ፤
ሁለቴም ምንም ሳይሉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣
መልሰው ወረወሩልኝ።