የመርፌ ቀዳዳ፣ የጅብ ቀዳዳ

የአባቴ እጅ ሥራ ሲይዝ ይረጋል፤
ሲያርፍ ነው የሚሸበር።
ጭኑ ላይ ሲያስቀምጠው
እንደ ተያዘች ወፍ ይላል ልብረር፣ ልብረር።

መኪና ግርግር ላይ፣ ከሲንጀሩ ኋላ፣
አርባ ዓመት ሰው ሲለካ፣ ሲያጠብ፣ ሲያሰፋ፣
የሙሽራ ሱሪ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሹፌር ኮሌታ ሲሰፋ፣
የእጁ እጥፋት በውሃ አይለቅ፣ በካውያ አይጠፋ፤
ዘንድሮ አንዲት ክር በመርፌ ቀዳዳ ሊያሾልክ
ከዙህር እስከ መግሪብ ለፋ።
ጎረቤቱ ቶፊቅ አይቶ እንዳላየ
ፊቱን ወደ ቁልፍ ሣጥኑ ደፋ።

ሐኪሙ «ፓርኪንሰን» አለ።
አባቴ ስሙን እንደ ጨርቅ በአውራ ጣቱ የዳሰሰ መሰለኝ።
«የፈረንጅ ስም ነው?»
«አዎ» አልነው።
«እንግዲያ ሰልባጅ ነው፤ ሳላጠበው አልለብሰውም።»

እኔ ልጁ፣ ቀኑን ቤተ ሙከራ የምውለው፣
መብራት ሲሄድ ማይክሮስኮፑን በሻሼ ሸፍኜ የምጠብቀው፣
ሌሊት አዳዲሱን ጥናት ከስልኬ የምለቅመው፣
በሱ ቋንቋ ልንገረው አልኩ፤ እንዲህ ነው፦

«ሕዋስ ከተማ ነው አባ፣ እንደ ጀጎል ግንብ ያለው፣
ገቢ ወጪውን በበሩ የሚለየው።
ፕሮቲን ደግሞ ክር ነው፤ ክር ብቻውን አይለበስም፣
ታጥፎ መልክ ካልያዘ ለሥራ አይደርስም።
አንዳንዴ እጥፉን ይስታል። እጥፉን የሳተ አንዱ
ሌላውን ያስታል፤ ይቋጠራሉ፤
በቋጠሮው ይዘጋል መንገዱ።»

«ፈትቶ ማጠፍ ነዋ!»

«ሕዋሱም ይሞክራል።
እምቢ ያለውን ግን ከረጢት ውስጥ ከትቶ
አሲድ ወዳለበት ጓዳ ይልካል፤
ከራሱ ላይ ቆርሶ ይበላል፤
ጉድፉን ስንቅ ያደርጋል።»

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ወደ ግንቡ ዞረ።
«ይሄማ ጅቡ ነው» አለ።

ጅቡ ነው።
የጥንቶቹ ለሰው አምስት በር ሲያቆሙ
ከግንቡ ሥር ለጅብ ዝቅ ያለች ቀዳዳ ተዉ፤
ማታ ሾልኮ ገብቶ የሥጋ ቤቱን አጥንት፣ የገበያውን ትራፊ እንዲያነሳው፣
ጎህ ሳይቀድ በመጣበት እንዲወጣው።
ጅብን ጎረቤቴ ብሎ የሚያቅፍ የለም፤
ቀዳዳዋን የሚደፍንም የለም።

«ታዲያ የኔ ጅብ ምን ነካው?»

አንዱ ጥናት ቀዳዳው ጠበበ ይላል፤
አንዱ ጥርሱ ዶለዶመ፤
ሌላው፣ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ሲያረጁ
«አንሱኝ» የሚል ምልክት ሳይለጠፍባቸው ቀርቶ
ጭሳቸው ቤቱን አጠመመ።
ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት፣ አንጎል ሥር፣ ጥቁሩ ሰፈር፣
አንድ በአንድ መብራት ያጠፋሉ፤
እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር
ብዙዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል።
ይህን አልነገርኩትም።
«ገና አናውቅም» አልኩት።

«እኔ አርባ ዓመት ሙሉ
‹ገና አላውቅም› እያልኩ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው አባ፣
እስካሁን የምንለካው።»

ሳቀ። ደግሞ ተወው።
እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፤ እግሩ ምቱን አገኘ፣
ግር፣ ግር፣ ግር፤
እጁም ለጥቂት ጊዜ ተከተለው።

ሌሊት፣ ከሰንጋ በር ወዲያ ሲያሽካኩ እየሰማሁ
አርባ መርፌ ላይ አርባ ክር አስገባሁ፤
ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣
በመጋረጃው ጠርዝ ሰካሁ።
ስንቱ ሕዋስ በዚያ ሰዓት ቤቱን እየጠረገ እንደሆነ፣
ስንቱስ እንደ ተኛ አሰብኩና
መቁጠሩ ቢደክመኝ መብራቱን አጠፋሁ።

ጠዋት፣ የመጀመሪያውን መርፌ ነቀለ።
ያዘው፤ እጁ ረጋ።
ክሩን በብርሃን ወደ ላይ ሳበው፣ አየው፣
«አሳጠርሽው» አለኝ፤
«ሳትለኪ ነው የቆረጥሽው።»