ሹክ ባዩ

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከሐዲዱ ዝቅ ብሎ፣
አንድ አዳራሽ አለ፣ በቆንዶ በርበሬ ተከልሎ፤
ከበሩ አናት ላይ፣ ዝናብ ያልፋቀው ቀለም
«ቴአ» ይላል ብቻ፤ «ትር» የሚለው የለም።

የፈትል ቤት ሴቶች፣ ወጥተው ከፈረቃ፣
ጥጥ እንደለበሱ፣ ይዘው ምሳ ዕቃ፣
በስሙኒ ገብተው፣ አግዳሚ ተጋፍተው፣
ለሰው ኀዘን ያነቡ ነበር፣ የራሳቸውን ትተው።

ጋሽ ጉርሜሳ ግን፣ ከመድረኩ በታች፣
በሻማ፣ ካንድ ጉድጓድ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣
ቃል ለጠፋው ሁሉ ቃል ያቀብል ነበር፣
ስሙ ከማስታወቂያው ሳይጻፍ ከቶ።

አንድ የክረምት ማታ፣ መብራት ድርግም ሲል፣
ትርንጎ ንግሥቷ ደንግጣ ቆመች፣
የካርቶን ዘውዷን እንደደፋች።
የባቡር ጠባቂው ፋኖሱን አንሥቶ ወደ ፊት ሮጠላት፤
ብርሃን ሆነ፤ ቃል ግን አልመጣላት።
ያኔ ከወለል ሥር፣ ጉርሜሳ ቀስ ብሎ
«አልሄድም በይ» አላት።
«አልሄድም!» ብትል፣ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላት።

ዘንድሮ በቀይ ቀለም ግድግዳው ተሰረዘ፤
ጋሽ ጉርሜሳ መጣ፣ ከዘራ እንደያዘ።
ዶዘሩ ፊት ቆመ። አፉን ከፈተ። ዝም።
ለካ ለሹክ ባይ ሹክ የሚለው የለም።

ደረቱን ዳበሰ።
ከበሩ የወደቀው ያ ግማሽ ቃል
እዚያ ውስጥ ነበር፤
ትር... ትር... ይላል።