ሦስተኛዋ

በቀበሌ አዳራሽ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ ዝናብ ሲንጠባጠብ፣
ሦስት ሆነን ተሰለፍን፣ ደንገል ለብሰን እርጥብ።
የሽወርቅ ፊተኛዋ፣ ጥሩዬ መካከል፣
እኔ ሦስተኛዋ፣ የመጨረሻው ቃል
በኔ አፍ የሚወጣ፣
ከመጋረጃ ኋላ ዘግይቼ የምመጣ።

ገደፋው አዘጋጁ መነጽሩን ጠርጎ፣
"መንፈስ አይጮህም" ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
"ጥርስ አታውጡብኝ፤ ቀንድም አትቀጥሉ፤
ሰው በዛቻ አይደለም፣ በምርቃት ነው ውሉ
የሚጠፋበት።
እንደ እናት መርቁት፣ እንደ አማች ሳቁለት፤
ልቡ ያረገዘውን በስሙ ጥሩለት።"

አንማው ነው ጌታው። ካባው የአልጋ ልብስ፣
ጎራዴው ጣውላ፣ የከረሜላ ወረቀት የሚለብስ።
ቀን ቀን ግን ጸሐፊ ነው በጀልባ ማኅበሩ፣
ትኬት የሚቆርጥ፣ ደሴት ለሚሻገሩ።
ቢተው ሊቀመንበሩ ቁልፍ በጣቱ ሲያዞር
እሱ ሳንቲም ይቆጥራል፣ አቀርቅሮ ከበር።

የሽወርቅ ትናንቱን ትነግረዋለች፤ እውነት።
ጥሩዬ ዛሬውን፤ እሱም ሐቅ፣ የሌለበት
ቅንጣት ውሸት።
እኔ ነገውን ነው። እውነት አይደል፣ ሐሰት፣
በሁለቱ እውነት ጀርባ ታዝሎ የሚገባ የሰው ቤት።

"ከፍ ትላለህ" እላለሁ። በቃ። ነጥብ የለውም።
በማን ላይ፣ በምን በኩል፣ ድርሰቱ አይለውም።
ገደፋው ያንን ዝምታ "ሰባት ቁጠሪ" ይላል፤
ሰባት እስክቆጥር ድረስ አንማው ያዳምጣል፣
ጣሪያው ይንጠባጠባል፣
አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢላ ያስባል።
ቢላ ያለ የለም።

ልጅ ሳለሁ ይሉን ነበር፦ "ማታ ውሃ ዳር ስም ሲጠራ
ሦስቴ ሳይደገም አቤት አትበዪ፤ ጋኔን ነው ባለ ተራ።"
ለካ ጠሪው ንፋስ ነው፤ እጅም እግርም የለው፤
ሰውን የሚያሰምጠው አቤት ያለው ልቡ ነው።

አንድ ማታ ከልምምድ ወጥተን፣ በጣና ዳር መንገድ፣
ጨረቃ እንቦጩን እየረገጠች ስትሄድ፣
ጉማሬ ከደንገሉ እንደ ሽማግሌ ሲያስል፣
አንማው ቆም አለና፣ ቀልድ በሚመስል ቃል፣
"አንቺ ሦስተኛዋ፣ ለኔስ? ለራሴ?" አለኝ።
ካባውን አውልቆ ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ።

ውሃውን አየሁት። ቁልፉን አስታወስሁ፤
እንደ አማች ሳቅሁለት፣ እንደ እናት መረቅሁ፤
"ከፍ ትላለህ" አልሁት።
ሰባቱን ግን እኔ አልቆጠርሁም፤
እሱ ቆጠረ፤ ከንፈሩን አየሁት፣ አልተሳሳትሁም።

በኅዳር ቢተው ብቻውን ወደ ደቅ ሲሻገር
ሞተሩ ፀጥ አለ፤ ነፋስ ተነሣ፤ ሌላ የሚነገር
የለም። ዓሣ አጥማጆች በሦስተኛው ቀን አገኙት፤
ቁልፉን ካበጠ ጣቱ በሳሙና አወጡት።
የነዳጁን ቱቦ አይጥ በላችው አሉ፤
አይጥ ትሁን። ምላጭም ጥርስ አለው ለሚሉ
መልስ የለኝም።

አንማው ወንበሩ ላይ ነው። ትኬት ሌላ ይቆርጣል።
ልምምድ መምጣት ተወ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኪሱን ይጨብጣል።
ጥሩዬ ጾም ያዘች። የሽወርቅ ሳቀችብኝ፤
"ድርሰት ነው! አፍሽ እንጂ እጅሽ የት ነበር?" አለችኝ።
እጄማ ንጹሕ ነው።
ወረድሁ ወደ ውሃው፤ አፌን ተጉመጠመጥሁ፤
ቃሉ አልወጣ አለኝ፤ ከነጣናው ዋጥሁ።

ገደፋው ሌላ ጌታ አምጥቷል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ፣
ካባውን በልኩ ያጠበበ በገዛ እጅ።
ዛሬ ትርኢት ነው። ደንገሉ ደርቋል፤ ያሳክካል።
ከመጋረጃ ኋላ አየዋለሁ፣ ዓይኑ እንደ ጥጃ ይንከራተታል።
የሽወርቅ እውነቷን ብላለች። ጥሩዬም ብላለች።
መብራቷ እኔን ትጠብቃለች።
ተራዬ ደረሰ።
"ከፍ ትላለህ"
አንድ።
ሁለት።
ከኋላ ወንበሮች የቁልፍ ድምፅ ይሰማል።
ሦስት።
ልጁ ቀና ይላል።