ምላስ

ሐወሊ ውስጥ አለች አንዲት መስቀለኛ፣
ስሟ ቁጥር ብቻ፤ «ምላስ» አልናት እኛ።
ወደ ቀኝ ተዘርግታ ከመንገድ የወጣች፣
መብራት ሳትጠይቅ ስንቱን ሰው የዋጠች።

ሺራጁል በሳይክል የሰው ልብስ ተሸክሞ
ከላውንድሪው ወጣ። ዳር ላይ ትንሽ ቆሞ
አረንጓዴ ሲያይ ገባ።
ከተተኮሰው ልብስ አንዱ የማዳም ነበር።
ማታ «የታል?» አለች።
ከየት ልጀምር?

ከዚያ ወዲያ መቁጠር ሆነ የእኔ ነገር፦
አስራ አንድ ሰከንድ ነው አረንጓዴው ሲኖር፤
እኔ ከነጋሪው በአስራ ስድስት ልሻገር፤
አቡ ናስር በከዘራ
ሃያ፣
ያውም ጉልበታቸው ደህና ካደረ።

በሻዱ ደብተር ገዛች፣ በመቶ ሃምሳ ፊልስ፤
ፊርማ ትለምናለች ከደጅ ደጅ ስትደርስ።
የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ተወችው፣
የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃት።
ኩንጁሞን፣ ባለባቃላው፣ ከሂሳብ ማሽኑ ጎን አስቀመጠላት።
አንዱ «ኢቃማዬስ?» ብሎ ሄደ፤
ማታ ተመልሶ ጣቱን አተመ።
ነጂሃ «የአባቴን ስም ልተወው?» አለች፤
«ተዪው፣ መንገዱ የሚያውቀው እግርሽን ነው።»
አረብኛውን የጻፈችልን ዳና ናት፣
የማሳድጋት ልጅ፣ አስራ ሦስት ዓመቷ፤
ከጉሮሮዬ እምቢ የሚለኝ ፊደል፣ «ዓይን»፣
በእሷ እስክሪብቶ ተገለጠ።
ምላስ የሌለን ሰዎች ስለ ምላስ ጻፍን።

«በጥናት ላይ ነው» አለ ባላዲያ።
ጥናቱ ኤሲ ሥር፣ እኛ ሃምሳ ዲግሪ ላይ
ሁለት ወር ጠበቅን፣ መልስ ሳናይ።

ትርሲት ነች ከቦርሳዋ ያወጣችው፦
ቢጫ ጓንት፣ የሽንት ቤት ማጠቢያ።
«አባያችን ጥቁር፣ አስፋልቱም ጥቁር፤
እጃችንን ይዩት» አለች።
ሰልፍ አይደለም፤ ሰልፍ ክልክል ነው፤
መንገድ ተሻጋሪ ነን፣
እጃችን ብቻ ነው ከፍ ያለው።
መጀመሪያ ስድስት ነበርን፤ በሦስተኛው ዓርብ
ስንት ቢጫ እጅ እንደነበር መቁጠር ረሳሁ፣ እኔ፣ ቆጣሪዋ።
የተማሪ አውቶቡስ የሚነዳው ግብፃዊ ቀድሞ ቆመ፤
ከኋላው ያለው ጡሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣
ደከመው፣ ቆመ።

ሙቀቱ ሲሰበር፣ አንድ ሌሊት፣ ሠራተኞች መጡ፤
ምላሷ ሥር ጉብታ ጣሉ፣
ነጭ ቀለም አሰመሩ፤
መብራቱ ላይ ዘጠኝ ሰከንድ ጨመሩ።
ደብዳቤ አልደረሰን፣ ማንም «እናንተ ናችሁ» አላለን።
በበነጋው ከጋሪው ጋር ተሻገርኩ፤
አራት ሰከንድ ተረፈኝ፣
ምን እንደማደርግበት ጠፋኝና
ዳር ላይ ቆሜ ወደ ላውንድሪው አየሁ።

አቡ ናስር ትናንት ማዶ ደርሰው
በከዘራቸው ጠሩኝ፦ «ሃያ አንድ!»
ጉልበታቸው ደህና አላደረም።
በሻዱ ደብተሩን አወጣች፤
ባዶ ገጽ አለው።