ጉድለት ቆጣሪ

ሥራዬ ቡና ነው፤ መጠጣቱ አይደል፤
ሦስት መቶ ግራም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ መነጠል።
ጥቁሩን ለብቻ፣ ነቀዝ የበላውን፣
ሻጋታ የነካውን፣ ስብርባሪውን፣
ጉድለት በጉድለቱ ቆጥሬ ስጨርስ
በማንኪያ እስበዋለሁ፣ ምላሴ ሥር ሲደርስ
ላንድ ትንፋሽ ይዤ እተፋዋለሁ።
ቀማሽ አይውጥም።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ።

ትልቁ ሆስፒታል «ከእንግዲህ ወደ ቤት» ብሎ ሲመልስልኝ
እህቴን፣ ሸምሲያን፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣
ጎረቤቴ መጣ፦
«ከአዌቱ ማዶ፣ ከድልድዩ አልፎ፣ አንድ ቤት አለ፤
ፈውስ አይሸጥም፣ ሰው ይሸኛል» አለ።

ሳላስታውቅ ሄድኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ዝናብ ሲያወርደው፤
ናሙና ከጆንያ አፍ ሳይሆን ከሆዱ ነው የምወስደው።

ጻፍኩ፦
የበሩ ማጠፊያ ሲከፈት ያለቅሳል።
ኮሪደሩ ያፈሳል፤ ሳፋ ተደቅኖ ሳፋውም ሞልቷል።
መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠብቃል።
ለሰባት አልጋ አንዲት ነርስ።
አፍንጫዬ እንጀራዬ ነው፤ አንሶላ አሸተትኩ ካልጋ አልጋ ስደርስ፤
አምስቱ ፀሐይና ሳሙና፣ አንዱ ቅባት፣
በር አጠገብ ያለው ሽንት።
ጻፍኩ፦ ሽንት።

ሲስተር ኩሌኒ ትባላለች።
እኔ ስጠይቅ እሷ የሰው እግር ትቀባለች።
«በዚህ ዓመት ስንት ሰው ዳነ?» አልኳት።
«እዚህ ማን ይድናል? ይልቅ ጠይቀኝ፣
ስንቱ ሳይጮህ አደረ ትናንት?»
«ስንቱ?»
«ስድስቱ።»
ሰባተኛውን አልደበቀችኝም።
«ሌሊት ስምንት ሰዓት ሕመም ቢነሳ
የሞርፊኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»
አንገቷ ላይ ካለ ክር መዝዛ አወጣችው።
ስነካው ሞቆ ነበር፤ ገላዋ ያሞቀው።
ለሙቀት ዓምድ የለኝም፤
ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

አሥራ አንድ ቀን ቆየች።
አልጋዋን ወደ ቂብላ ያዞሩት እኔ ሳልናገር ነው።
ቤት ውስጥ ማን እንደምትባል ጠይቀው
«ሸሚ» እያሉ ነው ያገላበጧት።
ባጃጅ ነድቶ የሰለቸው አወል
ከንፈሯን በጥጥ ሲያርስ
መስተዋት የሚያብስ ይመስል ነበር፣ ጭረት እንዳይደርስ።

በአራተኛው ሌሊት ግን
አንድ ሰዓት ሙሉ ስጣራ የሰማኝ የለም፤
የብርድ ልብሷን ጫፍ ነክሳ ጠበቀች።
ኩሌኒ ወዲያኛው ክፍል ሌላ ሰው ትሸኝ ነበር።
አውቃለሁ።
ቢሆንም ይህን አልሰርዝም።

በዘጠነኛው ቀን ጎደሬ አማራት።
መዋጥ ካቆመች ሰንብታለች፤
ወጥ ቤቷ አድቅቃ፣ አልማ፣ በማንኪያ ጫፍ ሰጠቻት።
ምላሷ ላይ አቆየችው። ዓይኗን ጨፈነች።
አወል ሳህን ቢያቀርብላት ተፋችና ሳቀች፦
«ተማሜ፣ እየኝ፣ እኔም ቀማሽ ሆንኩ፤
ስንት ልስጠው?»
ዝም አልኩ።

መዝገቤን ስዘጋው ጉድለቱ አሥራ አራት።
በእኔ ሚዛን ይህ አንደኛ ደረጃ አይደለም።
አንዱን ግን ሰረዝኩ፣ የበሩን ማጠፊያ፦
በመጨረሻው ማታ እሱ ሲያለቅስ
ዓይኗን ገልጣ ጠበቀችኝ፣ ካልጋዋ እስክደርስ።
ዘይት እንዳትቀቡት ብዬ ለመንኳቸው።

ትናንት ሄርማታ ገበያ አንድ ሰው ያዘኝ፤
አባቱ ታመው «ቤቱ ጥሩ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።
መዝገቡን እንዳለ ሰጠሁት፣ ስርዙን፣ ያልተሰረዘውን።
«በሌሊት ሂድ» አልኩት። «ቁልፉን ጠይቅ።»

ዛሬ ጠዋት ሥራ ገባሁ።
ሲኒዎቹ በረድፍ፣ ማንኪያው ከነውሃው፣
መትፊያው ባልዲ እግሬ ሥር።
የመጀመሪያውን ሳብኩ።
ያዝኩ።
ባልደረቦቼ ቀና ብለው አዩኝ።
ዋጥኩት።